በገበያ የሚፈተን ተማሪ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተሰጠ ንግግር)



እንዲህ ባለው በዓል ላይ የሚናገር ሰው ብዙውን ጊዜ ትምህርት ቤቱ ስላፈራቸው ሐኪሞችና መሐንዲሶች መናገር ይወዳል፤ መልካምም ነው። እኔ ግን የልዩ ፍላጎት ትምህርት የሚባለውን ሙያ ያጠናሁ ስለ ሆነ፣ ዛሬ የምናገረው ከዚህ ስላልተገኙ ልጆች ነው። እነዚህ ልጆች እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ግቡ የሚባሉት፣ ታናናሾቻቸው ደብተር ይዘው ሲወጡ ከደጃፍ ቆመው የሚመለከቱት፣ ጠጕር እስኪያበቅሉ ድረስ «ልጅነቱ አልለቀቀውም» የሚባልላቸው ናቸው። በአርብ ገበያም ሆነ በስማዳ፣ በእስቴም ሆነ በአዲስ አበባ፣ እንዲህ ያለ ልጅ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ያስቸግራል።

ነገሩን ከስሙ ልጀምር። በድሮ ጊዜ በመጽሐፍም በመሥሪያ ቤትም «የአእምሮ ዘገምተኛ» ይባል ነበር። ዛሬ «የአእምሮ ዕድገት ውሱንነት» ይባላል። በሰፈር የሚሰጠውን ስም ሁላችሁም ስለምታውቁት ልተወው። ስም መለወጡ ብቻውን ልጁን አያስተምረውም የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ይሁን እንጂ በየቀኑ በስድብ የሚጠራ ልጅ የክርስትና ስሙ ሲጠራ ዘወር የማይልበት ጊዜ ይመጣል። መምህሩም ሥራውን የሚጀምረው ስሙን በማስመለስ ይሆናል ማለት ነው።

ውሱንነት የሚባለውስ ምንድን ነው? ዐዋቂዎቹ ሦስት ነገር ይጠይቃሉ። ልጁ ነገርን የመረዳት፣ የማስታወስና የማመዛዘን ችሎታው ከእኩዮቹ እጅግ ያነሰ ነወይ? ለዕለት ኑሮ በሚያስፈልገው ሁሉ፣ በመልበስና በመታጠብ፣ ከሰው ጋር በመግባባት፣ ገንዘብ በመያዝ፣ ወደ ኋላ ቀርቷል ወይ? ይህስ የታየው ገና በልጅነቱ ነወይ? ሦስቱ ባንድነት ካልተገኙ ስሙ አይሰጠውም። ስለዚህ በሒሳብ ፈተና የወደቀ ልጅ፣ ወይም ጆሮው ስለማይሰማ መልስ የማይመልስ ልጅ በዚህ ስም ሊጠራ አይገባውም። ከአእምሮ ሕመምም የተለየ ነገር ነው። ሕመም ጤነኛ ሆኖ ያደገውን ሰው ሊይዘው፣ ታክሞም ሊለቀው ይችላል፤ ውሱንነት ግን ከልጁ ጋር የሚያድግ የአእምሮ አካሄድ ነው። አካሄዱ የቀሰሰ ነው እንጂ የቆመ አይደለም። የቆመ ቢሆን ኖሮ ልዩ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር ባላስፈለገም ነበር።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። በልዩ ክፍል መምህሩ አስቀድሞ የሚያደርገው ማስተማር አይደለም፤ መመልከት ነው። ልጁ ማንኪያ ይይዛል ወይ? ስሙ ሲጠራ ቀና ይላል ወይ? ሽንት ሲመጣበት ይናገራል ወይ? የቤቱን መንገድ ያውቃል ወይ? እናቱንም ጠርቶ ይጠይቃል፤ እናት የምታውቀውን ያህል ማንም ሐኪም አያውቅምና። ከዚያ በኋላ ለዚያ ልጅ ብቻ የሚሆን ዕቅድ ይጽፋል፤ የግል የትምህርት ዕቅድ ይባላል። ዐሥር ልጆች ካሉ ዕቅዱም ዐሥር ነው። አንዷ በዚህ ወሰነ ትምህርት ጫማዋን ማሠር ትማራለች፤ ጎረቤቷ እስከ ሃያ መቁጠር ይማራል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሰው ሲያናግረው ፊት ለፊት ማየትን ይማር ይሆናል። አንዱ ከሌላው ጋር አይወዳደርም። የሚወዳደረው እያንዳንዱ ከባለፈው ወር ከራሱ ጋር ነው።

ሁለተኛው ብልሃት ሥራን መሸንሸን ነው። እኛ «እጅህን ታጠብ» ስንል አንድ ትእዛዝ የሰጠን ይመስለናል። ነገር ግን እጅጌን መሰብሰብ፣ ውኃውን ማፍሰስ፣ እጅን ማራስ፣ ሳሙናውን ማንሣት፣ ማሸት፣ ሳሙናውን መመለስ፣ ማለቅለቅ፣ ማድረቅ፤ ስምንት ሥራ ነው። ፈጣኑ ልጅ ስምንቱን በአንድ ትንፋሽ ይዋጣቸዋል። ቀሰስተኛው ልጅ ከሦስተኛው ላይ ይጠፋበታል፤ እኛም «አይሰማም» ብለን እንቆጣለን። ልዩ ክፍል ስምንቱን ለያይቶ አንድ በአንድ ያስይዘዋል፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ከመጨረሻው ይጀምራል። ይኸን ስነግራቸው የሚስቁ አሉ። ሸሚዝ መቆለፍ ለማስተማር መምህሩ ቁልፎቹን ሁሉ ራሱ ይቆልፍና የመጨረሻውን ብቻ ለልጁ ይተውለታል። ልጁም ያችን አንዲት ቁልፍ አስገብቶ «ጨረስሁ!» ይላል። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ይተውለታል። ከላይ የጀመርን እንደ ሆነ ልጁ ሁልጊዜ ሥራውን የሚተወው በመሐል ተሸንፎ ነው፤ ከመጨረሻው ስንጀምር ግን ሁልጊዜ የሚያበቃው በመፈጸም ነው። በሕይወቱ ሁሉ «ተወው፣ አትችልም» ሲባል ለኖረ ልጅ የመፈጸም ደስታ ቀላል ነገር አይደለም።

የቀኑ ሥራም በሥዕል ተሥሎ በግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ መዝሙር፣ ቁርስ፣ ቁጥር፣ ጨዋታ፣ ወደ ቤት። ማንበብ የማይችለው ልጅ ሥዕሉን አይቶ ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ያውቃል። ብዙው ለቅሶና ሁከት የሚመጣው ልጁ ክፉ ስለ ሆነ ሳይሆን፣ የሚመጣበትን ነገር ባለማወቁ ስለሚፈራ ነው።

ፈተናስ? አትሉኝም ይሆናል፤ እኔ ግን መናገር የምፈልገው እርሱን ነው። ከተማችን ስሟ ራሱ ገበያ ነው። የእነዚህም ልጆች የፈተና አዳራሽ ገበያ ነው። ልጁ ጨው እንዲገዛ ይላካል እንበል። መጀመሪያ በክፍል ውስጥ በባዶ ቆርቆሮና በወረቀት ገንዘብ የገበያ ጨዋታ ይጫወታሉ፤ አንዱ ሻጭ፣ አንዱ ገዢ ይሆናል። ዐሥር ብር ከመቶ ብር መለየትን፣ ተራ መጠበቅን፣ «ጨው ስጡኝ» ማለትን፣ መልስ ሳይቀበሉ አለመሄድን ይለማመዳሉ። ከዚያ ከመምህሩ ጋር ይወጣል። ቀጥሎ መምህሩ ዐሥር እርምጃ ወደ ኋላ ይቀርለታል። ቀጥሎ ከገበያው ጥግ ቆሞ ይመለከተዋል። መዝገቡም የሚሞላው በነጥብ አይደለም፤ «በእጅ ተይዞ ሠራው»፣ «በምልክት ሠራው»፣ «በቃል ሲነገረው ሠራው»፣ «ብቻውን ሠራው» ተብሎ ነው። ይህች «ብቻውን» የምትባለው ቃል ከአንድ ዓመት ድካም በኋላ ልትመጣ ትችላለች። ዓመት ሙሉ ለአንድ ጥቅል ጨው? የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እንዲህ ያለው ሰው እናቲቱን ይጠይቅ። እስከ ዛሬ እርሷ ስትታመም ቤቱ ጨው አልነበረውም፤ ከዚህ በኋላ ግን የሚላክ ልጅ አላት። ሌሊት ሌሊት «እኔ ስሞት ማን ያየዋል?» እያለች የምታለቅሰው ለቅሶም በዚያች ጥቅል ልክ ይቀንሳል።

ስለ ጨው ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ውሱንነት ከእርግማን የመጣ ነው የሚል ወሬ እናትን ሁለት ጊዜ ይገድላል። ምክንያቱ ብዙ ነው። ምጥ ሲረዝም ሕፃኑ አየር ያጥረዋል፤ ማጅራት ገትር አንጎልን ይጎዳል፤ ዳውን ሲንድረም የተባለው ደግሞ ሕፃኑ ሲፀነስ ከ46 ክሮሞዞም ፈንታ 47 ይዞ ሲገኝ የሚሆን ነው። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1959 ዤሮም ለዠን ከፈረንሳይ ባልደረቦቹ ጋር ለዓለም አስታውቋል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስቆጨው ግን አዮዲን በሚባለው ንጥረ ነገር ማነስ የሚመጣው ነው፤ መከላከያው በእጃችን ነበርና። ዝናብ ለብዙ ዘመን ያጠበው የደጋ አፈር አዮዲኑ አነስተኛ ነው። እናት በእርግዝናዋ አዮዲን ካነሳት የሕፃኑ አንጎል በደንብ አያድግም። በአገራችን ከ2000 ዓ.ም. ቀደም ብሎ በተደረገ ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ከሚሆን ሕፃናት መካከል ከመቶው 40 የሚያህሉት እንቅርት ተገኝቶባቸው ነበር። ስለዚህ መንግሥት በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ አዘዘ። ነገር ግን አዮዲን በፀሐይና በእሳት ይተናል። ከአፋር ከአፍዴራ ድረስ የመጣውን ጨው አፉን በተከፈተ ጆንያ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የዘረጋነው እንደ ሆነ፣ ወጡ ገና ሳይንተከተክም የጨመርነው እንደ ሆነ፣ የተከፈለበት ድካም ከንቱ ይሆናል። ታሽጎ የተሸጠውን መግዛት፣ በክዳን ማስቀመጥ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር፤ ይህን ለእናቶቻችሁ መንገር ለማንኛችሁም አይከብድም።

ወደ ክፍሉ ልመለስ። የግል ዕቅድ ያልሁት ነገር ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ጥበብ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ከቤታችሁ ጎን ያለውን የየኔታን ጉባኤ አስታውሱ። አንዱ ሕፃን ስንደዶ ይዞ ፊደል ይቆጥራል፤ ሁለተኛው አቡጊዳ ላይ ነው፤ ሦስተኛው ዳዊት ይደግማል፤ ሁሉም ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ማንም ዓመቱ ስለ ሞላ አይዘልም፤ ማንም ስላልቻለ አይባረርም፤ ያልያዘው ያንኑ ይደግማል። የያዘው ላልያዘው ያቀጽላል። ይህ አገር ደግሞ የጋይንት አገር ነው። ለድጓ ምስክር ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ዙር አምባ እየተባለ ከአራቱም ማዕዘን ተማሪ ስልቻውን አንግቶ ይመጣበት የነበረ፣ ዓመታትም ይቀመጥበት የነበረ አገር ነው። ምስክር የሚሰጠው ዜማው በአንደበቱ መጽናቱ ታይቶ ነው እንጂ የመጣበት ዓመት ተቆጥሮ አልነበረም። በየኔታ ዘንድ ቁጣና አለንጋ መኖሩን አልክድም፤ ያንን ለልዩ ክፍል አልመኝለትም። ትዕግሥቱንና ሥርዓቱን ግን ከሩቅ አገር መለመን ያለብን አይመስለኝም።

የሩቁም አገር ታሪክ ቢሆን የሚያስተምረው አለው። እ.ኤ.አ. በ1800 በፈረንሳይ አገር አቬሮን ከሚባል አውራጃ፣ በዱር ያደገ ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ ተገኘ። ስመ ጥር ሐኪሞች አይማርም ብለው ተዉት። ኢታር የተባለ ወጣት ሐኪም ግን አምስት ዓመት ያህል ደከመለት። ልጁ ጥቂት የተጻፉ ቃላት ማወቅን ተማረ፤ እንደ ሰው አፉን ፈትቶ መናገር ግን አልሆነለትም፤ ኢታርም አልተሳካልኝም ብሎ አዘነ። የኢታር ደቀ መዝሙር የነበረው ሴጋን የመምህሩን ዘዴ ይዞ በ1840 ገደማ በፓሪስ ለእነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ፤ መንገዱም ከእጅና ከዓይን ተነሥቶ ወደ አሳብ መውጣት ነበር። ከዚያም በ1900 በሮማ ማሪያ ሞንቴሶሪ የምትባል ሐኪም የሁለቱን መጻሕፍት አንብባ እንዲህ ያሉ ልጆችን አስተማረች። ልጆቹ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ተፈትነው ባለፉ ጊዜ ሰው ሁሉ አደነቀ። እርሷ ግን ነገሩን ገልብጣ አየችው፤ የእኔ ልጆች በዚህ መንገድ እዚህ ከደረሱ፣ ጤነኞቹን ልጆች እዚህ ብቻ ያስቀራቸው ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። ዛሬ በከተማ ያለው መዋዕለ ሕፃናት የሚጠቀምበት የእንጨት መጫወቻ ብዙው መነሻው ከዚህ ጥያቄ ነው። ለቀሰስተኛው ልጅ ተብሎ የተፈለሰፈው ለፈጣኑም ጠቀመ።

ሌላም ወገን አለው። በአሜሪካና በአውሮፓ ትምህርት ቤት ተብለው የተከፈቱት ብዙዎቹ ቤቶች እየቆዩ ማስተማራቸውን ትተው ማጎሪያ ሆኑ። በኒውዮርክ ዊሎብሩክ የሚባለው ለ4,000 ሰው ተሠርቶ በ1965 ገደማ 6,000 ሰው ታጭቆበት ነበር። በ1972 የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ገብቶ ራቁታቸውን የተቀመጡትን ልጆች ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ አገሩ ደነገጠ፤ ቤቱም በ1987 ተዘጋ። ያን ጊዜ ስሙ «ትምህርት ቤት» ነበር። ልጅን ከቤቱ ወስዶ የማይመልስ ልዩ ትምህርት ቤት፣ ግንቡ ቢያምርም እንኳ፣ እኔ ለጠላቴ ልጅ አልመኘውም።

ስለዚህም በየአገሩ አሳቡ እየተለወጠ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 1994 በስፔን አገር በሳላማንካ የ92 መንግሥታት መልእክተኞች ተሰብስበው ልጆች ሁሉ በተቻለ መጠን በአንድ ትምህርት ቤት እንዲማሩ ተስማሙ። በእኛም አገር ቀደም ብለው ከተከፈቱት ልዩ ክፍሎች አንዱ በአዲስ አበባ በኮከበ ጽባሕ ትምህርት ቤት የተከፈተው ነው። በዚያ ልዩው ክፍል ያለው ከሌሎቹ ተማሪዎች ጋር በአንድ ግቢ ነው። ወላጆችም «ፍቅር ኢትዮጵያ» በሚል ስም ማኅበር አቁመዋል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩና እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የተባለውን ማዕከል ከፈቱ፤ በ2021 እስካረፉ ድረስም ደጅ ሲጠኑለት ኖሩ። ፕሮፌሰር ጥሩሰው ተፈራ በዩኒቨርሲቲ መምህራንን አሠለጠኑ፤ ስለ አካል ጉዳተኝነት በኢትዮጵያም መጽሐፍ ጻፉ። ቅርባችን ያለው የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ይህንኑ ሙያ ያስተምራል። ሕጉ አልጎደለንም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን እንክብካቤ እንዲያደርግ ያዛል፤ በ2002 ዓ.ም. አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት አጽድቃለች። ትምህርት ሚኒስቴርም የድጋፍ ማዕከል ያላቸው ትምህርት ቤቶች ተቋቁመው በዙሪያቸው ያሉትን እንዲረዱ የሚል ስልት አውጥቷል።

እንግዲህ ለእኛ አገር የሚበጀው የቱ ነው? በእኔ አስተያየት ከገደል ማዶ ካለ ቀበሌ ልጅን አንሥቶ ወደ ሩቅ ከተማ መስደድ አይበጅም። ገበያ መሄድን በሌላ ሰው ገበያ የተማረ ልጅ ወደ አገሩ ሲመለስ እንደገና እንግዳ ነው፤ እንዲህ ያለው ልጅ በአንድ ስፍራ የተማረውን ወደ ሌላ ስፍራ ማዛወር እጅግ ይቸግረዋልና። የሚበጀው በመደበኛው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍልና አንድ የሠለጠነ መምህር ነው። ልጆቹ ከባድ የሆነውን በዚያ ክፍል ይማሩ፤ ባንዲራ ሲሰቀል፣ ኳስ ሲጫወቱ፣ ዘፈንና ሥዕል ሲማሩ ግን ከሁሉ ጋር ይዋሉ። ልጁን ያለ አንዳች ረዳት ከሰባና ከሰማንያ ተማሪ መካከል በኋላ ወንበር አስቀምጦ «አብሮ ይማራል» ማለት ደግሞ ማታለል ነው። ያ ልጅ ከክፍል ወደ ክፍል ቢዛወርም እንኳ አራተኛ ክፍል የሚደርሰው ሀሁን ሳያውቅ ነው።

ስለ ልጃገረዶች ሳልናገር ብቀር ኃጢአት ይሆንብኛል። ውሱንነት ያለባት ልጅ ገላዋ እንደ እኩዮቿ ያድጋል፤ ክፉ ሰው ግን ነገሩን መናገር እንደማትችል አስቀድሞ ያውቃል። ስለዚህ ልዩ ክፍል የገላን ክፍሎች በስማቸው መጥራትን፣ የወር አበባ ሲመጣ ራስን መጠበቅን፣ ማን ሊነካት እንደሚገባና እንደማይገባ፣ «እንቢ!» ብሎ መጮኽንና ለሚታመን ሰው መንገርን ያስተምራል። ይህ የሚያሳፍር ትምህርት አይደለም፤ የሚያሳፍረው የሚያደፍጠው ነው። ወላጆችም ልጅቱን በቤት ቆልፈው መሄዳቸውን እንደ ጥበቃ ይቆጥሩታል፤ የተቆለፈ ቤት ግን ጩኸትንም ይቆልፋል።

ሌላም የማይታለፍ ትምህርት አለ፤ ስምን፣ የአባትን ስምና የቀበሌን ስም መናገር ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ወደ ጋይንት ምድር በደረሰ ጊዜ ሰው ልጁን እየጎተተ መንገድ ለመንገድ ሲሰደድ የነበረበትን ቀን ከእናንተ ብዙዎች ታስታውሱታላችሁ። በእንዲህ ያለ ቀን ከእናቱ እጅ ያመለጠ ልጅ «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል የሚመልሰው ከሌለው ማን ወደ ማን ይመልሰዋል? መናገር ለማይችለው በጨርቅ ላይ ተጽፎ በልብሱ ውስጥ ይሰፋለታል። ለዚህ መርፌና ክር እንጂ በጀት አያሻም።

ተማሪዎች ሆይ፤ እናንተን የምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ እንዲህ ያለ ልጅ በመንገድ ስታገኙ በስሙ ጥሩት፤ አሳጥራችሁ፣ ቀስ ብላችሁ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሩት፤ ከዚያም ዝም ብላችሁ እስከ ዐሥር ቁጠሩ። መልሱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እኛ ታክቶን ፊታችንን ካዞርን በኋላ ነው። ሁለተኛው፣ የአዲሱ ዓመት ምዝገባ ሊደርስ ነው። ለታናናሾቻችሁ ምዝገባ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄዱ፣ ከጎረቤት «እርሱ ይቅር» የተባለውን ልጅ ስምና ዕድሜ በወረቀት ጽፋችሁ፣ የወላጆቹን ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ ለርእሰ መምህሩ ስጡልኝ። አንድ ክፍል ለመክፈት አቤት የሚል ሰው አስቀድሞ የሚጠየቀው «ስንት ልጆች አሉ?» ተብሎ ነው፤ በጓዳ ያለ ልጅ ደግሞ አይቆጠርም። ወረቀቶቹን ለመሰብሰብ እኔ ከነገ ጧት ጀምሮ እስከ እሑድ ከዚሁ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት እቆያለሁ።